ኩሬ ያጸዱት አቶ ዘውዴ

ጽዳት የሚወድ ሳይሆን በጽዳት ፍቅር የታመመ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። አንኮበር ሳለሁ ጎረቤቴ የነበሩት አቶ ዘውዴ ደግ ሰው ነበሩ፤ ብቻ ውሃ ላይ አረንጓዴ ነገር ካዩ ምግብ አይበላላቸውም።

ከመንደራችን በታች በጎች የሚጠጡበት ኩሬ ነበር። ድንጋዩ ላይ የሚለጠፈውን፣ እንደ ክር የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ባዩ ቁጥር፣ «ይሄ እኮ የሰፈራችን ነውር ነው!» ይላሉ። ማን አፍሮበት እንደሆነ እንጃ።

አንድ ቀን ከደብረ ብርሃን ገበያ አረንጓዴውን የሚገድል ሰማያዊ የዱቄት መድኃኒት ገዝተው መጡ። ስንት እንደሚጨመር አልጠየቁም። ጥቂቱ ከጠቀመ ብዙው ይብስ ይጠቅማል ብለው ከረጢቱን እንዳለ ገለበጡት። አረንጓዴው ሞቶ ውሃው እንደ መስተዋት ጠራ። መንደርተኛው እየሄደ አየ፣ አደነቀ፣ መረቃቸው። እንቁራሪቶቹ ዝም ማለታቸውን ማን ልብ ይበል?

ከዚያ ከኩሬው የሚጠጡት የወይዘሮ አስካለ በጎች ይወድቁ ጀመር። ሴትዮዋ ባል የሞተባቸው ናቸው፤ ከበጎቹ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። አንዲት ግልገል እንኳ አልተረፈችላቸውም።

አቶ ዘውዴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከሴትዮዋ ደጃፍ ሄደው ቆሙ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እግዜር ያውቃል፣ ለደግ ብዬ ነው።»

«እኔም አውቃለሁ» አሉ ሴትዮዋ፣ ከተቀመጡበት ቀና ሳይሉ። «ለክፋት ቢሆንማ በእርስዎ ላይ እጮህ ነበር። አሁን በማን ላይ ልጩህ?»