ባቱን በእቅድ የወጣሁ ሰሞን

እናንተ በማን ትቀናላችሁ? እውነቱን እንነጋገር። በትልልቅ ባለሀብቶች እንቀናለን ብትሉኝ አላምናችሁም። ቅናት ቅርበት ይፈልጋል። ጠረጴዛው ከእናንተ ጠረጴዛ የተጣበቀ፣ ደሞዙ ከእናንተ ደሞዝ እኩል የሆነ ሰው ነው ሆድን በደንብ አድርጎ የሚያሳርረው። የእኔው ሰው ማቲዎስ ይባላል።

ማቲዎስ ሐዋሳ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ተዛውሮ ከመምጣቱ በፊት የምሳ ሰዓት ጨዋታ በእጄ ነበር። እኔ አወራለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ ምሳ ያልቃል። ማቲዎስ በመጣ በሳምንቱ ግን ስልኩን አወጣና በትር ይዞ አንድ ተራራ ላይ የቆመበትን ፎቶ አሳየን። በቃ! ከዚያ ወዲህ ምንም ይነሣ ምን ጨዋታው ሽቅብ ይወጣል። ሽሮው ጨው በዝቶበታል ሲባል እንኳ፣ ተራራ ላይ ሰውነት ጨው እንደሚፈልግ ያስረዳናል። ሰዉም አፉን ከፍቶ ይሰማዋል።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። አንድ እሑድ ቤቴ ምሳ ጋበዝኩትና ባለቤቴ ሰላማዊት ፊት ያንኑ ተራራ እንደገና ወጣው። ሰላማዊት ከሐዋሳ ወጣ ብላ ባለችው ቱላ አስተማሪ ናት፤ ወሬ ቶሎ አይማርካትም። የዚያን ቀን ግን ጉርሻዋን እጇ ላይ ረስታ ስታዳምጠው ቆየችና፣ “እኔም እኮ አንድ ቀን ተራራ መውጣት ያምረኛል” አለች።

አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር ይህን ሰምቼ አላውቅም። እንግዳው ከሄደ በኋላ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት።

“አልጠየቅከኝማ” አለችኝ።

እሱስ መቼ ጠየቃት?

በማግስቱ ቢሮ እንደገባሁ፣ ማቲዎስ አፉን ሳይከፍት፣ ባሌ ሄደን የባቱን ተራራ እንድንወጣ ሐሳብ አቀረብኩ። ማቲዎስ ባቱ ድንጋያማ እንደሆነ፣ አየሩም ለለመደ ሰው እንኳ እንደሚከብድ ተናግሮ፣ መጀመሪያ ቀለል ያለ ተራራ ብንሞክር ይሻላል አለ። እንዲያ ባይል ኖሮ ምናልባት ቀለል ያለውን ራሴ አመጣው ነበር። እሱ ካለው በኋላ ግን እንዴት ይሆናል? ባቱ ካልሆነ አልኩ። የጉዞው አቃጅም ሆንኩ፤ ማንም አልመረጠኝም፣ ማንም ግን አልተቃወመም።

ሥራ ተሠራ ብላችሁ! አንድ ሙሉ ደብተር አቀድኩ። ድንኳን ከማን እንደምንከራይ፣ ዕቃ የሚጭነው ፈረስ የት እንደሚጠብቀን፣ በሶው ስንት ኪሎ እንደሚሆን፣ መንገድ መሪው በየትኛው ሰዓት ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚያሳርፈን ሁሉ ጻፍኩ። በየስብሰባው “ኦክስጅን” የሚለውን ቃል ሳልናገር አልቀመጥም ነበር። ተጓዦቹ አምስት ነን፦ እኔ፣ ሰላማዊት፣ ማቲዎስና ሁለት የቢሮ ጓደኞቻችን። ድንኳን ሳከፋፍል ማቲዎስን ከእኛ ድንኳን በጣም ርቆ እንዲተኛ መደብኩት። ለደኅንነት ነው።

ጉዞው ሳምንት ሲቀረው እግራችንን ለማፍታታት ቅዳሜ ጠዋት ታቦር ተራራ ወጣን። ታቦርን የሐዋሳ ሰው ለጸሎትም ለስፖርትም ይወጣዋል፤ አሮጊቶች ሳይቀሩ። እኔ ለዚህ ቀን ብዬ መናኸሪያ አካባቢ ጠንካራ ጫማ ገዝቻለሁ። በእርግጥ በአንድ ቁጥር ያንሰኛል፤ ቀለሙ ግን የማቲዎስን ጫማ ያስንቃል።

አቀበቱ ግማሽ ላይ ስንደርስ ዘወር ብል ማቲዎስ ባለቤቴን ትንፋሽ ያስተምራታል። “በአፍንጫ ሳቢ፣ በአፍ ልቀቂ” ይላታል። አርባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ እስኪቀራት ድረስ ያለ ማንም ምክር ስትተነፍስ የኖረች ሴት! ዝም ብዬ ብሄድ ምን ነበረበት? እኔ ግን እዩኝ ብዬ ከመንገዱ ወጣሁና በድንጋዩ በኩል መሮጥ ጀመርኩ። አራተኛው ድንጋይ ተንከባለለ። እኔም አብሬው።

ቁርጭምጭሚቴ እዚያው እያየሁት አበጠ። ታዲያ ማን ተሸክሞ ቢያወርደኝ ጥሩ ነው? ማቲዎስ። ያንን ሁሉ ቁልቁለት አዝሎኝ ወረደ፤ ያውም ሳያርፍ። ሰላማዊት ከኋላ እየተከተለች፣ “ጎበዝ፣ አይዞህ” ስትል እሰማለሁ። ለእኔ መስሎኝ “ደህና ነኝ” አልኳት። ለካ ለእሱ ነው።

ወጌሻው ጋሽ ሽፋ እግሬን እያሹ ቢያንስ ሦስት ሳምንት እንዳልረግጠው አስጠነቀቁኝ። ባቱ እንደምሄድ ብነግራቸው፣ “ልጄ፣ አንተ መጀመሪያ ሽንት ቤት ድረስ ሂድ” አሉኝ።

ቤት ስንገባ ሰላማዊት እኔም እቀራለሁ እስክትለኝ ጠበቅሁ። ለዚህ የሚሆን መልስ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለት ጊዜ “ግዴለም ሂጂ” ልላት፣ በሦስተኛው ልሸነፍላት። እሷ ግን ደብተሬን ከጠረጴዛው አነሣችና፣ “በደንብ ስላቀድከው ያላንተም አንቸገርም” አለችኝ። የጉዞው ቀን ሲደርስም ምግቡ ፍሪጅ ውስጥ መሆኑን ነግራኝ ሄደች።

ሦስት ቀን እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ተኛሁ። ስልኳ አይሠራም። እኔ ግን ሁሉንም ከአልጋዬ አየዋለሁ፦ አሁን ይሄኔ ድንጋይ ሲያሻግራት እጇን ይዟታል፣ አሁን ይሄኔ ጃኬቱን አልብሷታል። በሕይወቴ ያን ያህል ተራራ ወጥቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ማቲዎስ ነው። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ራሱን አሞት፣ አስመልሶት፣ ትናንት ከግማሽ መንገድ በፈረስ ተጭኖ መመለሱን ነገረኝ። ሁለቱ ጓደኞቻችንም እሱን ይዘው ወርደዋል። አዘንኩ ልበላችሁ? አፌ አዝኗል።

“ሰላማዊትስ?” አልኩት።

“እሷማ ከመንገድ መሪው ጋር ወደ ላይ ቀጠለች” አለኝ።

ማታውን አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ገባች። ፎቶውን አሳየችኝ፤ ጫፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ዙሪያዋ ጭጋግ ነው። ከስንት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ስለ እኔ ነው ትለኝ ይሆናል ብዬ፣ ጫፍ ላይ ሆና ምን እንዳሰበች ጠየቅኳት።

“ምንም” አለች። “ደስ የሚል ጸጥታ ነበር። ማንም አልመከረኝም።”

ከዚያ ወዲያ ቤታችን በየቀኑ ሰው ይመጣል። ጎረቤት፣ የቱላ መምህራን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች። እሷ ታወራለች፣ እኔ እያነከስኩ ሻይ አቀርባለሁ። አንድ ቀን ማቲዎስ ሊጠይቀኝ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ገዝቶ መጣ። የፊቱ ቀለም ገና አልተመለሰም። አጠገቤ ተቀመጠና ሁለታችንም ሰላማዊት የመጨረሻዎቹን ድንጋዮች እንዴት በእጇ እየቧጠጠች እንደወጣች ለእንግዶቹ ስትተርክ አዳመጥን። ስልኳ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኛም ዘንድ ደረሰ። ማቲዎስ ፎቶውን አቅርቦ ሲያይ፣ አርቆ ሲያይ ቆየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

“ይሄ ሁሉ ጭጋግ ባለበት፣” አለኝ በሹክሹክታ፣ “ጫፉ መሆኑ በምን ይታወቃል?”

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ማቲዎስ ምን ያህል አስተዋይ ሰው እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።