የትራክተሩ አፍ

እናንተዬ፣ ኦሪትን አጥብቆ የሚጠብቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሳጉሬ ላይ ገጥሞኛል! አቶ ተሰማ ጥንቸል የተቀቀለበት መንደር አያድሩም። ያን ዕለት ዝናብ አንዣቦ ነበርና ስንዴያቸውን በትራክተር ሲያስወቁ ሁላችን ለእርዳታ ወጣን። ሾፌሩ ገለባ እንዳይገባበት የራዲያተሩን ፊት በጆንያ ሸፈነው።

«አቁም!» ብለው ጮኹ አቶ ተሰማ። «አውድማ ላይ የሚያበራይ በሬ አፉ አይታሰርም ተብሏል!»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው» አለ ሾፌሩ።

«ትእዛዙ ለሚበላ ፍጡር ነው እንጂ!» አሉ ለእርዳታ አብረውን የወጡት የነፍስ አባታቸው።

«ታዲያ ናፍጣውን ማን ነው የሚጠጣው?» አሉ አቶ ተሰማ።

በቃ፣ አውድማው ለሁለት ተከፈለ! ስንዴው ግን የአቶ ተሰማ ነውና ጆንያው ተነሣ። ገለባው ራዲያተሩን ደፈነው፤ ሞተሩ ፈላ፣ ጨሰ፣ ቀጥ አለ። ዝናቡም ወረደ። አቶ ተሰማ ውሃ ከሚያንጠባጥበው ባርኔጣቸው ሥር ፊታቸው በርቶ፣

«አያችሁ?» አሉን። «ጠግቦ ተኛ!»