የሐሙስ እህል

እናንተዬ፣ በአገራችን ክፉ ሰው ሞቶ ያውቃል? እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ካመናችሁ፣ የሞተው ሁሉ ደግ፣ ለድኻ አዛኝ፣ ሰው አክባሪ ነው። ክፉዎቹን ምናልባት ሞት ረስቷቸው ይሆናል። ይህን የምለው ሥራውን ስለማውቀው ነው። እዚህ ጉለሌ፣ እኛ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት «የሕይወት ታሪኩን ጻፍልን» ተብሎ የሚለመነው እኔ ነኝ።

በቅርቡ ግራዝማች ይልማ አረፉ። በንጉሡ ዘመን የምክር ቤት አባል ነበሩ፤ በዚያ ላይ የሰፈሩ ወፍጮ ቤት ባለቤት፣ የእድራችንም መሥራችና ሊቀ መንበር። ልጃቸው ወይዘሮ ጽጌ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ መጣችና፣ «አደራህን፣ አባዬ ሰውን ሁሉ በእኩል ዓይን ያይ እንደነበር እንዳትረሳ» አለችኝ። ጻፍኩ። ያዘነን ሰው እንዴት ብለው ይከራከሩታል?

እውነቱን ግን የሰፈሩ አዛውንት ሁሉ ያውቁታል። ግራዝማች ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሸክላ ሠሪዎች «ቡዳ ናቸው» ብለው እድሩ ውስጥ አላስገቧቸውም። እህላቸውም ከሌላው እህል ጋር እንዳይነካካ፣ ሐሙስ ብቻ ነበር የሚፈጭላቸው። ሐሙስ ካመለጣቸው በቃ፣ ሳምንት መጠበቅ ነው። እነሱም ሲቸገሩ ቆይተው ቆይተው የራሳቸውን እድር አቋቋሙ።

የሰፈራችን እኩሌታ ከፈረሰ ወዲህ የግራዝማች እድር አባላት በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ ድንኳኑም የት እንደገባ አይታወቅም። ጽጌ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ድንኳን፣ አስከሬን የሚሸከም ጎልማሳ አጥታ ደጇ ላይ ቆማ ቀረች። አንጀት ትበላ ነበር። በማለዳ ድንኳን ተሸክመው የደረሱላት ሸክላ ሠሪዎቹ ናቸው። ማንም አልጠራቸውም።

ከመካከላቸው እትዬ ብርቄ የሚባሉ፣ ድስትና ገንቦ ሲሠሩ ያረጁ ሴት፣ ድንኳኑ እንደተተከለ ምሰሶውን ይዘው አለቀሱ። ከልጅየዋ በላይ አለቀሱ። ጽጌ ልቧ ተነክቶ፣ «እትዬ፣ አባዬን ይህን ያህል ይወዱት ነበር?» አለቻቸው።

«አይ ልጄ» አሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ድንኳኑን አይቼ ነው። እናቴን ስንቀብር ድንኳን አልነበረንም። አባትሽን አውሱን ብለን ብንለምናቸው እምቢ አሉን። ዝናብ ነበር።»

ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ወረቀቴን ሳወጣ ጽጌ ጠጋ አለችኝና፣ «ያቺን በእኩል ዓይን ያልናትን ተዋት። የወፍጮ ቤቱንም ተወው» አለችኝ። ተውኩት። የምክር ቤቱን ነገር ብቻ አንብቤ ወረድኩ፤ የዘጠና ዓመት ሰው ታሪክ ለአፍታ እንኳ አልበቃ አለ።

ከቀብር ስንመለስ እትዬ ብርቄ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«አንተ፣ የወፍጮውን ነገር ምነው ሳታነሣው?»

«ምን ልበል፣ እትዬ?»

«ድንቅ ወፍጮ ነበር እኮ! ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ሆኖብን ነው እንጂ፣ ዱቄቱ ለሕፃን ገንፎ የሚሆን፣ ልስልስ ያለ ነበር። ይኼን ብትል ምን ነበረበት?»

ስለ ግራዝማች በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ እውነተኛዋ ምስጋና ይህቺ ነበረች። ምን ያደርጋል፣ ከተቀበሩ በኋላ መጣች።