ዕረፍት ላይ ያለ ቀያሽ

በአገራችን ሰው ወይ ይሠራል፣ ወይ ታሟል፣ ወይ ጡረታ ወጥቷል። አራተኛ መደብ የለም። «አንዱን ሥራ ጨርሻለሁ፤ ሌላው እስኪጀመር ትንሽ ላርፍ ነው» ብትሉ፣ ሰሚው በሐዘኔታ ራሱን ይነቀንቅና «አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል» ይላችኋል። እግዜር ማወቁንማ እኔም አልተጠራጠርኩም። ያስቸገረኝ የሰው አለማወቅ ነው።

እኔ የመንገድ ቀያሽ ነኝ። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ ጎጃም ውስጥ መሬት እንደገና ተከፋፍሎ ቁስሉ ገና ባልጠገገበት ጊዜ፣ ስንሠራው የነበረው መንገድ አለቀ። የሚቀጥለው ከፋሲካ በኋላ ነው ተባለ። አዲስ አበባ ተቀምጬ ዘመድ አዝማዱ «ታዲያ አሁን ምን እየሠራህ ነው?» እያለ ከሚያደርቀኝ፣ በአውቶቡስ ባለፍኩ ቁጥር ማንጎዋን እየገዛሁ የወደድኳት ፍኖተ ሰላም ሄጄ ብኖርስ አልኩ። ስሟ «የሰላም መንገድ» ነው። ለመንገድ ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ ግብዣ ከየት ይመጣል?

በኅዳር ሻንጣዬን ይዤ እትዬ ስንዱ ከሚባሉ ሴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ።

«ለጠበል ነው የመጡት?» አሉኝ እትዬ ስንዱ።

«አይ፣ ደኅና ነኝ።»

«ተዛውረው ነዋ!»

«አይደለም፤ ዕረፍት ላይ ነኝ።»

አተኩረው አዩኝና «ይሁን፤ የማይነገር ከሆነ አይነገርም» አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምሥጢረኛ ሰው ሆንኩ።

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እኔ ቆብ ስለሌለኝ እግሬን አነሣሁ። ጠዋት ጠዋት በቡሬ መንገድ ወጣ እልና ወደ ገጠሩ እታጠፋለሁ። ጤፉ ታጭዷል፣ በርበሬው ተለቅሟል፤ አገሩ ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ክፉ ልማድ ግን አለብኝ፤ ሃያ ዓመት የለካ ሰው እርምጃውን ሳይቆጥር መሄድ አይችልም። መቶ ሲሞላ እቆማለሁ፣ ዞር ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ የመጣሁበትን አያለሁ። ከዚያ ከኪሴ ደብተር አውጥቼ ያየኋቸውን ወፎች እጽፋለሁ። እስቲ ራሳችሁን በገበሬው ቦታ አድርጋችሁ እዩኝ!

በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ባለፍኩበት ሁሉ ሰው ከተቀመጠበት ይነሣ ጀመር። አንዱማ ሳልጠይቀው «ጌታዬ፣ ይህች ማሳ ከአባቴ የወረስኳት ናት፤ ሰባት ልጆች አሉኝ» አለኝ። «እግዜር ያሳድግልህ» አልኩና ጅግራ ጻፍኩ።

አንድ ጠዋት መሪጌታ ጥበቡ፣ የአካባቢው የቅኔ መምህር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጠብቀው አገኙኝ።

«መሬት ሊለኩ ነው የመጡት ይባላል።»

«ኧረ የኔታ! እኔ ሥራ የለኝም። ወፍ ነው የምጽፈው!» ብዬ ደብተሬን ዘረጋሁላቸው።

«ጭልፊት ሁለት፣ ጅግራ አምስት፣ ስሙን የማላውቀው ቀይ ደረት አንድ» ብለው አነበቡና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እፎይ አልኩ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ለሕዝቡ እውነቱን እናገራለሁ» ስላቸው ግን ሳቃቸው ጠፋ።

«ይተው! ሥራዬን እንዳያፈርሱብኝ!»

ነገሩን አጫወቱኝ። አለኸኝና ይበልጣል የሚባሉ ወንድማማቾች አሉ፤ ይበልጣል ታናሽየው ነው፤ ጠባቸው ከስማቸው ይጀምራል የሚሉም አሉ። አባታቸው ከሞተ ወዲህ፣ በሁለቱ ማሳ መካከል ላለች አንድ በሬ ለማታዞር ቁራጭ መሬት ወረዳ ድረስ ተካሰዋል። አምና መጥረቢያ ተማዘው መሪጌታ መሐል ገብተው ነው የተረፉት፤ ክንዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ። እናታቸው እማማ ጥሩዬ አንዱ ቤት ከበሉ ሌላው ስለሚቀየም፣ ዓውደ ዓመትን ከማንም ሳይሆኑ ብቻቸውን ይውላሉ።

«እርስዎ መመላለስ ሲጀምሩ ሁለቱም ፈሩ። የሚያከራክር መሬት መንግሥት ይወስደዋል ብለው ተራ በተራ መጥተው አስታርቁን አሉኝ። የፊታችን እሑድ ድንጋይ ተክለው ይማማላሉ። እስከዚያ መመላለስዎን አይተዉ።»

«ይሄ ውሸት አይሆንም፣ የኔታ?»

«እርስዎ ዕረፍት ላይ ነኝ አሉ፤ እውነት ነው። እኔ ይመላለሱ አልኩ፤ ምክር ነው። ሰሙን ከወርቁ መለየት የሰሚው ፋንታ ነው።»

ያን ሳምንት ደመወዝ እየተከፈለኝ እንኳ ሄጄ የማላውቀውን ያህል ሄድኩ። ዓርብ ዕለት እዚያች ቁራጭ መሬት ላይ ቆሜ፣ አውቄ ረዘም ያለ ትንፋሽ ተነፈስኩ። ወንድማማቾቹ ከግራና ከቀኝ እየሮጡ መጡና በአንድ አፍ «ይሄ ክርክር የለበትም! ተስማምተናል!» አሉ። ዓይናቸው ውስጥ ያለውን ፍርሃት ሳይ ሆዴ ባባ። ሜትር እንኳ ያልያዘ ሰው ይህን ያህል ካስፈራ፣ የያዘው ሲመጣ ምን ይሆኑ ነበር?

እሑድ ድንጋዩ ተተከለ። ወንድማማቾቹ ማሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እማማ ጥሩዬ መሐላቸው ተቀመጡና ከሁለቱም እጅ ጎረሱ። የነጠላቸውን ጫፍ ደጋግመው ወደ ዓይናቸው ይወስዱ ነበር።

እኔ ግን ነገሩ ከበደኝ። መሪጌታን በዓይኔ አስፈቅጄ ወንድማማቾቹን ጠጋ አልኩና «ወንድሞቼ፣ አትቀየሙኝ። እኔ የመንግሥት ሰው አይደለሁም። መሬት ልለካም አልመጣሁም። ሥራ የለኝም» አልኳቸው።

ተያዩ። አለኸኝ ፈገግ ብሎ «ገብቶናል፣ ጌታዬ» አለ።

ይበልጣል ደግሞ ክንዴን ይዞ ፈንጠር አደረገኝና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ሥራ እንደሌለዎትማ ማን ይጠራጠራል? ብቻ በነካ እግርዎ፣ ከወንዙ ማዶ የሚያዋስነንን የጎረቤታችንን የአቶ ዘለቀን ማሳ ቢያዩልን። በየዓመቱ ድንበራችንን እየገፋ ነው።»

አለኸኝ ከኋላው ቆሞ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። እውነትም ታርቀዋል።