በደወሉ አፍ የወተፍኩት ጨርቅ

ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሕልም አየሁ። «የቀን ሕልም ደግሞ ምኑ ይወራል?» አትበሉኝ። ይወራል እንጂ!

መጀመሪያ ግን ይህን ያዙልኝ። እኔ ደርበው የኤሌክትሪክ ሽቦ ፋብሪካ ነው የምሠራው። መዳቡ በማሽኔ ውስጥ ሲያልፍ የቀለጠ ፕላስቲክ አለብሰዋለሁ። የዛሬው ሽቦ ደግሞ የሌላ የማንም አይደለም፣ የገዛ ሰፈሬ ነው! ሰባት ዓመት በኩራዝ ከርመን ተራ ደረሰን። የጭነት መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ሽቦውን ጭኖ ካልሄደ ግን ተራችን ከክረምት በኋላ ነው። በደስታ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ማሽኑ ላይ ሽቦው ሳይለብስ ያለፈበት ቦታ ሲገኝ የሚጮህ ደወል አለ፤ ዝንብ ብታርፍበትም ይጮሃል። ራሴን ሲያዞረኝ አፉን በጨርቅ ወተፍኩትና ሳጥን ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ማሽኖቹ ምሳ ሊበሉ ወጡ። እኛ ሠራተኞቹ መሬት ላይ በብሎን ታስረናል። አለቃዬ ጋሽ ቦንሳ፣ ፈገግ ሲሉ አይቻቸው የማላውቀው ሰውዬ፣ እንደ ሽቦ ተጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። አንድ የመዳብ ሽቦ ቱታውን ለብሶ፣ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ መጣ።

«ደርበው አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ዛሬ የምትዘረጋው አንተ ነህ። ወደ ሰፈርህ!»

እልል አልኩ! ጭንቅላቴን ይዘው ሳቡኝ። ቀጠንኩ፣ ረዘምኩ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሆንኩ፣ ሁለት ሆንኩ። አይ ደስታ! እግሬ ፋብሪካ ውስጥ እንዳለ ጭንቅላቴ ደጃችን ደረሰ። ባለቤቴ እናኑ በር ላይ ቆማለች።

«ውይ ደርብዬ! በሞትኩት! ልብስህስ?»

ራሴን ባየው ራቁቴን ነኝ። የእድራችን ዳኛ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ተመለስ!» አለች እናኑ። «ልጆቹ ይነኩሃል!»

ልጆቹ እየሮጡ መጡ። «አልብሱኝ!» ብዬ ወደ ፋብሪካው ልጮህ አፌን ስከፍት ጨርቅ ተወትፎበታል። ያ ባለ ቱታ ሽቦ ከወዲያ ሆኖ፣ «ጩኸት ራሴን ያዞረኛል» አለኝ።

ትከሻዬን የሚነቀንቀኝ ሰው ቀሰቀሰኝ። ጋሽ ቦንሳ ናቸው።

«ጋሼ፣ ሕልም አየሁ...»

«ለበጎ ያድርገው። አሁን ተነስና ይህን እይ።»

አየሁ። ቀልጦ መዳቡን የሚያለብሰው የፕላስቲክ ፍሬ ካለቀ ቆይቷል። ማሽኑ ግን መዳቡን ሲስብ ውሏል፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ሽቦ እርቃኑን ተጠቅልሎ ቁጭ ብሏል። ጋሽ ቦንሳ ጨርቁን ከደወሉ አፍ ነቀሉና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ውጭ መኪናው ጥሩንባውን ይነፋል።

ስልኬ ጮኸ። እናኑ ነበረች።

«ደርብዬ! ሰፈሩ ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ መኪናውን እየጠበቀ ነው። የእድሩ ዳኛ ሳይቀሩ አዲስ ጋቢ ለብሰው መጥተዋል። ሽቦውን ያለበሰው ባሌ ነው ብዬ ለሁሉም ነግሬልሃለሁ!»