«እርስዎ ይቅደሙ» ስንባባል ባሕሩ ቀደመን

ወገኖቼ፣ ባቡር ጥሎኝ ሄዶ ያውቃል። አውቶብስማ እዚህ ለንደን፣ ሆሎዌይ ሮድ ላይ በየሳምንቱ ነው። ዛሬ ግን ባሕር ጥሎኝ ሄደ!

አዎ፣ ባሕር። ጀልባ ላይ እንደተቀመጥኩ ውሃው ትቶኝ ሄደ።

ቪዲዮ አለ ይባላል። (አለ። አይቼዋለሁ።) ስለዚህ እናንተ ዘንድ ሳይደርስ ከራሴ ስሙት። ጋዜጠኛ ነኝ፤ በዜና መቀደም አልወድም፣ ዜናው እኔ ብሆንም።

የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ከዘጠና ሰባት ምርጫ ማግስት ጀምሮ ስንት ግርግር መሃል ቆሜ ዘግቤአለሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። «አንተ ሰውዬ፣ አትደነግጥም እንዴ?» ይሉኛል።

ዛሬ ደነገጥኩ።

ልጄ ሶስና ሃያ ዓመቷ ነው። እዚሁ ለንደን የተወለደች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ቅዳሜና እሑድ ካያክ ትቀዝፋለች። ለማታውቁት፣ ካያክ ማለት እግርን ዘርግተው የሚቀመጡበት፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ቀጭን ጀልባ ነው። ከውስጡ ሲወጡ ክብር የሚባል ነገር የለም።

ዛሬ ፈተና ነበራት። ጀማሪዎችን ወንዝ ላይ መርታ በሰላም ወደ የብስ ከመለሰች የመሪነት ሰርተፊኬት ታገኛለች። ሰርተፊኬቱ ካለ ለሰመር እዚያው ክለብ ሥራ ይጠብቃታል። ከሌለ የለም። ወራት ሙሉ የተዘጋጀችው ለዚህ ነው።

ለመፈተን ደግሞ ጀማሪ ያስፈልጋታል። ከአባት የበለጠ ጀማሪ ከየት ይመጣል?

«አባዬ፣ ፕሊስ፣ አንድ ሰው ደግሞ ጨምርልኝ» አለችኝ።

ስቶክዌል ሰፈር የሚኖሩትን ወዳጄን ጋሽ ሀብቶምን ጠራሁላት። አሥመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ምግብ ሲያሰናዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰባን አልፈዋል። ውሃ አይፈሩም። አንድ ጠባይ ግን አላቸው፦ ሌላ ሰው ሳያስቀድሙ በር አልፈው አያውቁም።

እኔም አላውቅም።

(አሁን የሚመጣው የገባችሁ ዝም በሉ። ሌላው ሰው ያንብብ።)

የሄድነው ከለንደን በስተምሥራቅ፣ ወንዙ ከባሕሩ ሊገናኝ ወደሚቃረብበት ቦታ ነው። እዚያ ታይድ የሚሉት ነገር አለ። ባሕሩ ወደ ወንዙ ይገባና ይሞላዋል፤ ከዚያ ይመለሳል፤ ሲመለስ ጀልባ የሚንሳፈፍበትን ሁሉ ጭቃ አድርጎት ይሄዳል። እኔ ሳላጣራ የትም አልሄድምና ሰዓቱን ቼክ አደረግሁ። ከሁለት ምንጭ! ሁለቱም ምንጮች ትክክል ነበሩ።

ቡድናችን ጋሽ ሀብቶም፣ እኔና አንድ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት ነን። ፈታኙ ነጭ ጺም ያለው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከኋላ እየቀዘፈ ያያል።

ሲጀመር እንዴት ያምር ነበር! ሶስና «ኤቭሪባዲ፣ ወደ ግራ!» ትላለች፤ ሁላችን ወደ ግራ። «ስቶፕ!» ትላለች፤ ሁላችን ቀጥ። ጋሽ ሀብቶም ዘንድ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ይለሰልሳል። «ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት፣ ትንሽ ወደዚህ ቢሉልኝ...»

ልቤ ሞቀ! ለንደን የተወለደ ልጅ «ካላስቸገርኩዎት» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የእኔ ሥራ ነው። «ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም፣ ለትልቅ ሰው ትእዛዝ አይሰጥም» እያልኩ ነው ያሳደግኳት። እየቀዘፍኩ ራሴን አመሰገንኩ።

ተመለስን። መውጫው ከዳር እስከ ውሃው የተዘረጋ ጠባብ የሲሚንቶ መንገድ ነው፤ አንድ በአንድ እንጂ ሁለት ጀልባ አይጠጋውም። ውሃው መሄድ ጀምሯል። ሶስና ቀድማ ወጥታ ቆመች፤ ፈታኙም ተከትሏት ወጣ። እንግሊዛውያኑ ተጠጉ፣ እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸው። ትንፋሽ አልፈጀም።

«አባዬ፣ ጋሼ፣ ኔክስት!»

ማን እንደሚቀድም አልተናገረችም።

«ጋሽ ሀብቶም፣ ይቅደሙ» አልኩ፣ ጀልባዬን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ።

«ኧረ በፍጹም! የልጅቱ አባት አንተ ነህ፤ ቅደም።» እሳቸውም ሳብ።

«እርስዎ እያሉ? ምን ሲባል!»

«ተው እንጂ! አንተ ሥራ ያለህ ሰው ነህ። እኔ ጡረተኛው የት እቸኩላለሁ?»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙትልህ፣ ግባ ልጄ፣ ግባ!»

ሰው በር ላይ ሲያስቀድም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይል የለ? እኛም እንደዚያው። በእያንዳንዱ ግብዣ አንድ ቀዘፋ ወደ ኋላ። እሳቸው ፈቀቅ፣ እኔ ፈቀቅ። መውጫው ራቀን። ውሃው ደግሞ ማንንም ሳያስቀድም እየወጣ ነው።

ሶስናን አየኋት። አፏን ከፈተች። ዘጋች። እንደገና ከፈተች። «ጋሼ... ይቅርታ...» ጋሽ ሀብቶም ገና እየተናገሩ ነበር። ዝም አለች።

ፈታኙ የሆነ ነገር ጻፈ።

«አፈር ስሆን ይቅደሙ!» አልኩ በመጨረሻ።

ምን ነበር የሚያስቸኩለኝ? አፈሩ ራሱ መጣ! የጀልባዬ ሆድ ሸተት አለና ቀጥ። መቅዘፊያዬን ስሰድ ጭቃ ይዞ ወጣ። የጋሽ ሀብቶም መቅዘፊያ ደግሞ እንደ አጥር እንጨት ተተክሎ ቀረ። መውጫው እዚያው ነው፤ ጠጠር ብወረውር ይደርሳል። መካከላችን ግን ሰውን እስከ ወገቡ የሚውጥ ጥቁር ጭቃ ነው።

ባሕሩ ሄዷል። ደህና ሁኑ እንኳ አላለም።

«አሁንስ ማን ይቅደም?» አሉኝ ጋሽ ሀብቶም።

አልሳቅሁም። (እርማት፦ ሳቅሁ።)

ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። ጋሽ ሀብቶም «እስቲ እኔ ልሞክረው» ብለው አንድ እግራቸውን ከጀልባው አወጡ። ጭቃ ላይ ሊረግጡ ነው።

«ጋሽ ሀብቶም! እግርዎን ያስገቡ! ይቀመጡ! አሁኑኑ!»

ሶስና ናት። ከዚያች ልጅ ጉሮሮ እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። ወፎች ተነሡ።

ጋሽ ሀብቶም እግራቸውን አስገቡ። «እሺ እመቤቴ» አሉ፣ ዝግ ብለው።

ከዚያ ከሶስና እጅ ገመድ መጣ። ካያክ ጭቃ ላይም ይንሸራተታል ለካ፣ ሰውዬው ዝም ብሎ ከተቀመጠ! የመጀመሪያው ገመድ ጭኔ ላይ አረፈ። እኔ ምን ልል አፌን እንደከፈትኩ ታውቃላችሁ።

«መጀመሪያ ለጋሽ ሀብ...»

«አባዬ! ዝም በል! ያዝ!»

ያዝኩ።

ሶስናና እንግሊዛዊው ባል እንደ ጆንያ ጎተቱኝ። ፊቴ፣ ጆሮዬ፣ ኪሴ ጭቃ። ሚስትየዋ ቪዲዮ የቀረጸችው ያኔ ነው። ቀጥሎ ጋሽ ሀብቶም መጡ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ዳር ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ በየተራ እጅ እየነሱ።

እሳቸው ላይ አንዲት ጠብታ ጭቃ የለም። እንዴት እንደሆነ እስካሁን ማጣራት አልቻልኩም።

ፈታኙ ሶስናን ለብቻዋ ወሰዳት። ራቅ ብዬ ብቆምም ሰማሁ፤ ሙያዬ ነው። ማዳኑን እጅግ አድንቆታል። ሰውን ከጀልባ ወደ የብስ ማውጣቱን ግን አላለፈችም። አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ማዳንም ባላስፈለገ ነበር አላት። «ለምን ጠበቅሽ?»

«እየተናገሩ ነበር» አለችው።

ሰውዬው አልገባውም። እኔ ገባኝ። ከጭቃው ይልቅ ያ ነው የከበደኝ።

ያንን የማውጣቱን ክፍል ብቻ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትደግማለች። ሥራው እስከዚያ ይጠብቃታል።

ያን ቀንም እንዳላሳፍራት ብዬ ተጠጋሁ። «ሶሲዬ፣ ለቅዳሜ ሁለት እንግሊዛውያን ከሥራ ቦታ አመጣልሻለሁ። የሚታዘዙ።»

«ኖ» አለች። «ሁለታችሁን ነው የምፈልገው። እንግሊዝ መምራትማ ማን ያቅተዋል?»

ወደ መኪናው ሄድን። የፊተኛውን በር ከፈትኩ።

«ጋሽ ሀብቶም፣ ከፊት ይግቡ።»

«ኧረ አንተ! እኔ ከኋላ ይመቸኛል።»

«በፍጹም! በሞ...»

«ጋሼ ከፊት! አባዬ ከኋላ፣ ጋዜጣ አንጥፈህ! ግቡ!»

ገባን። ሶስና መሪውን ይዛ ወደ ስቶክዌል ነዳች።

እስቲ ፍረዱኝ፦ ልጁ በአደባባይ የጮኸችበት አባት፣ ከኋላ ወንበር ጋዜጣ ላይ ተቀምጦ፣ እንዲህ ደስ ይለዋል? ወይስ ጭቃው ጭንቅላቴ ገብቷል?