ዘጠኙ ኪሎ የት ገባ?

(ዳይሬክተሯ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ስታዝ ኖራ ጡረታ ብትወጣም፣ ማዘዙ ግን ጡረታ አልወጣም። ታናሽ እህቷ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፤ ዳይሬክተሯ ከልጅነታቸው ጀምሮ «ፈዛዛ» ትላታለች። ቦታው የዳይሬክተሯ ሳሎን ነው። ዳይሬክተሯ የማር ጠርሙስ በቀሚሷ ጫፍ ጠቅልላ ክዳኑን እየታገለች ነው፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።)

ዳይሬክተሯ፦ ክዳኑ ነው አልኩሽ! የዛሬ ፋብሪካ ምን ሥራ ያውቃል? እንዲህ የሚያጠብቁት ማሩን ለራሳቸው ሊያስቀሩት ነው።

ታናሿ፦ ከሸጡት በኋላ እንዴት ያስቀሩታል እትዬ?

ዳይሬክተሯ፦ እሱ ላንቺ አይገባሽም።

ታናሿ፦ እስቲ አምጪው። (ቀጭ አድርጋ ትከፍተዋለች።) ይኸው።

ዳይሬክተሯ፦ እኔ አላልቼው ነዋ!

ታናሿ፦ ትናንትም አላልተሽልኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

ዳይሬክተሯ፦ ማር በሙቅ ውሃ፣ በባዶ ሆድ፤ ስብ ያቀልጣል። ከዚያ ቀን ጎመን፣ ማታ ጎመን። በአራት ወር ዘጠኝ ኪሎ ቀነስኩ! ሚዛን ደግሞ አይዋሽም።

ታናሿ፦ አይዋሽም። ግን ብዙም አያወራም።

ዳይሬክተሯ፦ ምን ለማለት ነው?

ታናሿ፦ ዘጠኙ ኪሎ የት ገባ?

ዳይሬክተሯ፦ ቀለጠ!

ታናሿ፦ ከየት?

ዳይሬክተሯ፦ ከየት ይባላል? ከገላዬ ነዋ፣ ከጎረቤት መሰለሽ?

ታናሿ፦ አይ፣ ሆድሽ እንዳለ አለ ብዬ እኮ ነው።

ዳይሬክተሯ፦ አፍሽን ያዢ!

ታናሿ፦ የጠፋው ጭንሽና ክንድሽ ነው። እኛ ጋ በረኪና የበዛበት አንሶላ ቀለል ብሎ ይወጣል። አለቃችን ታዲያ «ጎሽ» አትልም፤ «የሄደው እድፉ ነው ወይስ ጨርቁ?» ብላ ትጠይቃለች።

ዳይሬክተሯ፦ እኔን ከአንሶላ ጋር! ሐኪም ያዘዘኝን አንቺ ልትሽሪው?

ታናሿ፦ ምን ብሎ አዘዘሽ?

ዳይሬክተሯ፦ «ወፍረሻል፣ ቀንሺ» አለኝ።

ታናሿ፦ ከዚያስ?

ዳይሬክተሯ፦ ከዚያማ «ቀጣይ!» አለ።

ታናሿ፦ እግርሽን አየልሽ?

ዳይሬክተሯ፦ ቀና ብሎ ፊቴንም አላየ። ሥራ ይበዛበታል ምስኪን!

ታናሿ፦ እንቁላል ብዪ፣ ባቄላ ብዪ፣ ተነሺ፣ ተራመጂ፣ ዕቃ አንሺ አላለሽም?

ዳይሬክተሯ፦ ደክሞኛል ስለው «እድሜ ነው፣ እረፍት አብዢ» አለኝ። ይኸው እያረፍኩ ነው። ደረጃውንም ትቼዋለሁ። ደግሞ ደረጃው ራሱ ከፍ ብሏል።

ታናሿ፦ ደረጃው? ማን ከፍ አደረገው?

ዳይሬክተሯ፦ የሕንፃው ሰዎች ናቸዋ! ለእድሳት መጥተው አልነበር? እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ጣት ጨምረውበታል።

ታናሿ፦ ቀለም ነው እኮ የቀቡት።

ዳይሬክተሯ፦ ታዲያ ቀለም ውፍረት የለውም?

ታናሿ፦ (አሰብ አድርጋ) ሶፋውስ? ዝቅ አለብኝ ያልሽው እሱንም ቀብተውት ነው?

ዳይሬክተሯ፦ የሶፋው ስፖንጅ ሞቶ ነው። ምነው ጥያቄ አበዛሽ! ዛሬ ጭንቅ ላይ እንዳለሁ እያወቅሽ…

ታናሿ፦ ልጅሽ ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?

ዳይሬክተሯ፦ መንገድ ላይ ነች። ነገ ሥራ ትገባለች፤ ሕፃኑን ማን እንደሚይዝላት ዛሬ ትቆርጣለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጄን! «እማዬ፣ ልጁን ታቅፈሽ ያለ ድጋፍ ከሶፋ ተነስተሽ ካሳየሽኝ አንቺ ያዢልኝ፤ ካልሆነ ሞግዚት እቀጥራለሁ» አለችኝ። ስንት ትውልድ የፈተንኩ ሴት ልፈተን!

ታናሿ፦ ባለፈው መታጠቢያ ቤት በር ላይ ስለወደቅሽ ፈርታ ነው።

ዳይሬክተሯ፦ እኔ አልወደቅኩም፤ ምንጣፉ ነው የጣለኝ!

ታናሿ፦ (ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረር ይላል) ክዳኑ፣ ደረጃው፣ ሶፋው፣ ምንጣፉ! ቤቱ ሙሉ ተነሳብሽ በይኛ! ስሚ እትዬ፣ እኛ ሆስፒታል በአልጋ እየተገፋች የምትገባ ስንት ሴት አይቻለሁ። ልጆቿ «እማማ አይነሱ፣ እማማ አይሸከሙ» እያሉ በአክብሮት አስረው ያስቀምጧታል። ሐኪሙ «ወፍረሻል» ሲላት እሷ ምግቡን ትተዋለች። ጡንቻዋ ያልቅና ስቡ ብቻውን ቤት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። አንድ ቀን ከወንበር ልነሳ ስትል ዳሌዋ ይሰበራል። ያኔ ሁሉም «እድሜ ነው» ብሎ እጁን ይታጠባል። እንደ እድሜ የሚከሰስ የለም፤ ጠበቃም የለው!

ዳይሬክተሯ፦ ጨረስሽ? ንግግርሽ ደህና ነው፤ ፍሬ ነገር ግን የለውም። አሁን ወጥ ቤት ግቢና ያንን አምስት ኪሎ ዱቄት በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ አምጪልኝ። ሕፃኑም እሱኑ ያህላል፤ ልለማመድበት።

(ታናሿ ዱቄቱን ጠቅልላ ታመጣለች። ዳይሬክተሯ ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ ትታቀፈዋለች።)

ታናሿ፦ ጭንቅላቱን ደግፊው እንጂ።

ዳይሬክተሯ፦ እኔን ልታስተምሪ ነው? (ዱቄቱን ደገፍ አድርጋ) አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት! (ትንሽ ከፍ ብላ ተመልሳ ዘፍ ትላለች።) ቆጠራው ልክ አልነበረም።

ታናሿ፦ ምኑ ጎደለ?

ዳይሬክተሯ፦ ተማሪ ራሱ አይቆጥርም። አንቺ ቁጠሪ!

ታናሿ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

(ዳይሬክተሯ ታምጣለች፤ ሶፋው ሲጥ ይላል። የተነሳ ነገር ቢኖር ትንሽ የዱቄት ብናኝ ነው።)

ታናሿ፦ አራትም አለ እትዬ፣ ልቀጥል?

(በሩ ይንኳኳል።)

ዳይሬክተሯ፦ (በሹክሹክታ) መጣች! እንዳትከፍቺ!

ልጅቷ፦ (ከውጭ) እማዬ! ክፈቺልኝ እንጂ!

ዳይሬክተሯ፦ (ላብ አጥምቋት፣ ጮክ ብላ) ኧረ ቀስ በይ! አታንኳኪ፣ ሕፃኑ አሁን ገና ነው የተኛው!

ልጅቷ፦ የቱ ሕፃን? እማዬ፣ ልጁ እኮ እኔ ጋ ነው!

(ታናሿ ሄዳ በሩን ትከፍታለች። ልጅቷ ሕፃኑን ታቅፋ ትገባና እናቷን፣ ብርድ ልብሱን፣ ዱቄቱን በየተራ ታያለች።)

ዳይሬክተሯ፦ ስፖንጁ… (ድምጿ ይሰበራል) ስፖንጁ አይደለም ልጄ። እግሬ እምቢ አለኝ።

ልጅቷ፦ አክስቴ፣ ይሄ ይድናል?

ታናሿ፦ ከበላችና ከተነሳች ጡንቻዋ ይመለሳል። ሦስት ወር ስጪያት። ከሥራ ስወጣ እየመጣሁ አስነሳታለሁ።

ልጅቷ፦ እሺ። እስከዚያ ሞግዚቷ ልጁን ታሳድግ፣ እማዬ ደግሞ ዱቄቱን ታሳድግ። እሱን ታቅፈሽ በር ላይ የተቀበልሽኝ ዕለት በልጁ እቀይርልሻለሁ።

(ዳይሬክተሯ የልጅ ልጇን አሻግራ ታየዋለች። ዱቄቱን ሳትለቅ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።)

ዳይሬክተሯ፦ አንቺ ፈዛዛ፣ ምን ተገትረሻል? ሁለት እንቁላል ጣጂልኝና ነይ ቁጠሪ። ከአንድ ጀምረሽ!